«ተኛ» እና «ተነሣ»፦ ከአልጋ ቁራኝነት የመውጣት አጭር ታሪክ

የታሪክ ተማሪ አልጋ ሲባል ቶሎ የሚያስበው ዙፋኑንና አልጋ ወራሹን ነው። በዚህ እትም የምናወራው ግን ስለዚያኛው አልጋ አይደለም፤ ስለ ሆስፒታል አልጋ ነው። «የሆስፒታል አልጋ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! እንዲያውም ብዙ ሰው እግሩን፣ አንዳንዱም ሕይወቱን ያጣበት ታሪክ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።)

ነገሩን ያነሣሣን እዚሁ ናጋድ፣ በሠፈራችን የሆነ ነገር ነው። ናጋድ ሲባል አንዳንዱ የባቡር ጣቢያውን፣ አንዳንዱ ደግሞ ፖሊስ ስደተኛ የሚያቆይበትን ግቢ ያስባል። ለእኛ ግን ሠፈራችን ነው። ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው አንድ ሽማግሌ አሉን። ባቡር በሚገባበት ቀን ከዘራቸውን ይዘው እስከ ጣቢያው መንገድ ይሄዱና ከአገር ቤት የመጣውን ሰው «ዝናቡ እንዴት ነው? ጤፍ ስንት ገባ?» እያሉ መጠየቅ ይወዳሉ። አንድ ጊዜ ሳምባ ምች ያዛቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሲገቡ ከታክሲ ወርደው በእግራቸው ነው የገቡት። ከ12 ቀን በኋላ ሳምባቸው ድኖ ወጡ። የወጡት ግን በሰው ጀርባ ታዝለው ነው።

ታዲያ እግራቸውን የወሰደው ማነው? ሐኪሞቹ በሽታውን አድነዋል። ጥፋቱ የእኛ የአስታማሚዎቹ ነበር። ተራ ገብተን ሌት ተቀን አጠገባቸው ነበርን። ቀና ሊሉ ሲሞክሩ «ኧረ አባባ፣ አይነሡ! አይልፉ! ይተኙ!» እንላለን። ምግቡን በእጃችን እናጎርሳለን። ሽንት ሲመጣባቸው ፖፖ እናቀርባለን። ሸሚዛቸውንና ኮታቸውን ደግሞ «እዚህ ምን ያደርግላቸዋል» ብለን ወደ ቤት ላክነው። ፍቅር ነበር፤ አክብሮትም ነበር። ግን 12 ቀን ሙሉ እግራቸው መሬት አልነካም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንበብና መጠየቅ ጀመርን። ያገኘነው ታሪክ ለእናንተም ይጠቅማል ብለን አቀረብነው።

ቁራኛ ማለት ምን ነበር?

ቋንቋችን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያውቃል። ሰው ሆስፒታል ሲገባ «ተኛ» እንላለን፤ ሲድን ደግሞ «ከሕመሙ ተነሣ» እንላለን። ሳይነሣ ሲቀር «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። ቁራኛ የሚለው ቃል የመጣው ከድሮው የአገራችን የዳኝነት ልማድ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ካንዱ ጋር ይቆራኙ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ በልብስ ጫፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በሰንሰለት። ሲበሉም ሲሄዱም አብረው ነው። እንግዲህ የአልጋ ቁራኛ ማለት ከአልጋው ጋር የታሰረ ሰው ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ሲያወጡ አልጋውን እንደ ማረፊያ ሳይሆን እንደ እስራት ማየታቸው ነው። ልብ በሉ!

የዕረፍት ዘመን

የአውሮፓ ሕክምና ግን ለረጅም ጊዜ ያየው በተቃራኒው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አልጋ ራሱ መድኃኒት ሆነ። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ሂልተን ዕረፍት የፈውስ ዋና ረዳት መሆኑን የሚያስተምር፣ በ1863 የታተመና ብዙ ትውልድ ሐኪሞች ያነበቡት መጽሐፍ ጻፈ። ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የተሰበረ አጥንት ካልተንቀሳቀሰ ይገጥማል፣ የቆሰለ መገጣጠሚያ ካረፈ ይሻለዋል። ችግሩ ለአንዱ አካል የሚጠቅመው ለሰውየው በሙሉ መታዘዙ ላይ ነው። ሆዱን የተቀደደ ሰው ለሳምንታት ይተኛል። የልብ ድካም ድንገት የመታው ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከአልጋ አይወርድም፤ አንዳንዱማ ራሱ እንዳይጎርስ፣ በራሱ እንዳይገላበጥ ይከለከል ነበር።

እኛም ጋ ከዚህ የሚቀራረብ ነገር አለ። አራስ ቤት ማለት ይኸው ነው፤ እናቲቱ ትረፍ፣ ገንፎ ትብላ፣ ጠያቂ ይምጣላት። የአራስ ወግ ደስ የሚል ወግ ነው፤ ማረፍም ያስፈልጋል። ግን ዕረፍትና ጨርሶ አለመነሣት አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያዎቹ ደፋሮች

በ1899 በአሜሪካ ቺካጎ ኤሚል ሪስ የሚባል ሐኪም ሆዳቸው የተቀደደ ሕሙማንን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዳስነሣና ቶሎ እንዳገገሙለት ጻፈ። ሰሚ ግን ብዙ አላገኘም። «ስፌቱ ይፈታል» የሚል ፍርሃት ነበር። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ዳንኤል ላይትሃውዘር የተባለ ሌላ ሐኪም ትርፍ አንጀት ያወጣላቸውን ሰዎች ቶሎ ማስነሣት ጀመረ፤ በ1946ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ።

ነገሩን የገፋው ግን ምርምር ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቁስለኛው በዛ፣ አልጋው አነሰ። አልጋ ለማስለቀቅ ሲባል ቁስለኞችን ቶሎ ማስነሣት ግድ ሆነ። በችግር የተጀመረው ነገር ጥቅሙ ታየ። ስፌቱ አልተፈታም፤ ሳምባቸው ጸዳ፣ ጉልበታቸውም ቶሎ ተመለሰ። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን አይነት ትምህርት ያውቀዋል፤ ችግር ያስተማረውን መምህር አላስተማረውም።

ዶክተር ማርጆሪ ዋረንና የተረሱት አዛውንቶች

ስለ አረጋውያን ሲነሣ ከሁሉ በፊት መጠራት ያለባቸው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ማርጆሪ ዋረን ናቸው። ለንደን አጠገብ ያለው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በ1935 ጎኑ ያለውን የድሆች መጠጊያ ተረከበ። በዚያ ከ700 በላይ ሕሙማን ነበሩ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ለወራትና ለዓመታት የተኙ። «ሥር የሰደደ በሽታ» ተብለው በአንድ ላይ ተከማችተዋል፤ ምን እንዳመማቸው በቅጡ የመረመራቸው አልነበረም።

ዋረን አንድ በአንድ መረመሯቸው። ክፍሎቹ ብርሃን እንዲያገኙ፣ ግድግዳው እንዲቀባ አደረጉ። ለእያንዳንዱ ሰው የእንቅስቃሴ ልምምድ ተሰጠ፤ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ፣ ራስን ማልበስ። «አይነሣም» የተባለው ብዙ ሰው ተነሣ። ብዙዎችም ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ብዙ አልጋ ተለቀቀ። ልምዳቸውን በ1943ና በ1946 በሕክምና መጽሔቶች ላይ ጻፉ። ዛሬ የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሲሆን እሳቸው እናቱ ይባላሉ።

በ1947 መጨረሻ ደግሞ ሪቻርድ አሸር የሚባል የለንደን ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አልጋ ላይ መተኛት ስለሚያመጣው አደጋ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ከእግር እስከ ራስ አካል በአካል ነው የዘረዘረው። እኛም በራሳችን አነጋገር እንዲህ እናስቀምጠው፦

ሳምባ፦ የተኛ ሰው ትንፋሹ አጭር ነው፤ አክታ ይጠራቀማል፣ ሳምባ ምች ይከተላል።
ደም፦ በእግር ሥር ውስጥ ይረጋል። የረጋው ደም ተነሥቶ ሳምባ ከደረሰ ይገድላል።
ቆዳ፦ ወገብና ተረከዝ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል።
ጡንቻና አጥንት፦ ጡንቻው ይመነምናል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ አጥንቱ ይሳሳል።
ሆድና ፊኛ፦ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት ይታቆራል።
አእምሮ፦ ቀኑና ሌሊቱ ይምታታል፤ ሰውየው ተስፋ ይቆርጣል።

አበበ ቢቂላ የተቀመጠበት ወንበር

ይህ ታሪክ በአንድ በኩል የእኛም ታሪክ ነው። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም በ1939 ከናዚ ጀርመን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ሸሹ። አዎን፣ ስደተኛ ነበሩ። በ1943 የእንግሊዝ መንግሥት በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል እንዲያቋቁሙ ጠየቃቸው። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተጎዳ ወታደር አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ የሚገድለውም በአብዛኛው የአልጋ ቁስልና የፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን ሕሙማኑ ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ። ከዚያ አስቀመጧቸው፣ ሥራ አስተማሯቸው፣ ኳስና ቀስት ሰጧቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ 16 ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው የቀስት ውድድር አደረጉ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ የበቀለ ነው። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተካሄደው በ1960 ሮም ላይ ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት ዓመት፣ በዚያው ከተማ!

በመጋቢት 1969 ሻምበል አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። የተላከው ወደዚሁ ስቶክ ማንዴቪል ነው። መጀመሪያ እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አቅቶት ነበር። 8 ወር ገደማ ታከመ፤ እጆቹ ተመለሱ፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ግን አልጋ ላይ አልቀረም። በ1970 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። አበበ ሽማግሌ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሽማግሌም ያው ነው። «መነሣት» ማለት ሁልጊዜ በእግር መቆም አይደለም። ከአልጋ ወጥቶ ወንበር ላይ መቀመጥም መነሣት ነው።

ወንበሩና አምስቱ ወጣቶች

በ1952 በቦስተን ሐኪሞቹ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የልብ ድካም የመታቸውን ሕሙማን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምረው ወንበር ላይ ማስቀመጣቸውን አሳወቁ። መጀመሪያ ላይ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ «ሰው ልትገድሉ ነው» ብለው ተቃውመዋል። ሕሙማኑ ግን በወንበሩ አልተጎዱም፤ ስሜታቸውም ተሻሻለ። ቀስ በቀስ የስድስት ሳምንቱ አልጋ ቀረ።

በ1966 ደግሞ በዳላስ ከተማ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለጥናት ሲባል 3 ሳምንት አልጋ ላይ ተኙ። የልብና የሳምባ አቅማቸው ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ 50 ሲሞላቸው፣ እንደገና ተለኩ። ውጤቱ አስገራሚ ነው፤ የ3 ሳምንቱ አልጋ አቅማቸውን የጎዳው ከ30 ዓመቱ ዕድሜ የበለጠ ነበር። ደስ የሚለው ግን ይኼ ነው፤ 6 ወር ያህል ልምምድ ሲሠሩ 30 ዓመቱ ከትንፋሻቸው የወሰደባቸውን አቅም መለሱት።

ሽማግሌዎችስ? በ2007 በታተመ የአሜሪካ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች 10 ቀን ብቻ ተኝተው ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ አጡ። ጤነኞች ናቸው እንግዲህ! በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመግባታቸው በፊት ይራመዱ የነበሩ 45 አረጋውያን ሕሙማንን ተከታተለ። ከሆስፒታል ቆይታቸው 83 ከመቶውን ያሳለፉት ተኝተው ነበር። የእኛ አባባ ብቻ አይደሉም ማለት ነው።

ልብስ ምን አገባው?

«መነሣቱስ ይሁን፣ ልብስ መልበስ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ፒጃማ የለበሰ ሰው በሁሉም ዓይን ታማሚ ነው፤ በራሱም ዓይን ጭምር። ነርሷም ጠያቂውም «ይተኛ» ይለዋል። ሸሚዙን የለበሰ፣ ጫማውን ያሰረ ሰው ግን ወዴት ልሂድ ይላል። ቁልፍ መቆለፍ ለጣት፣ እጅጌ ማጥለቅ ለትከሻ፣ ሱሪ መልበስ ለወገብና ለእግር ልምምድ ነው።

የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ይህን ከብዙ ዘመን በፊት ተረድቶታል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ የራሳቸውን ሆስፒታል የከፈቱት በ1974 ነው። ከሚመጡት እናቶች አንዳንዶቹ ሽንቱ ይቆም እንደሆነ ብለው ለወራት ከዚያም በላይ ተኮራምተው ተኝተው የከረሙ ናቸው፤ እግራቸው ታጥፎ ቀርቷል። ለእነሱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እግርን የመዘርጋትና የመራመድ ልምምድ ያስፈልጋል። ድና ወደ አገሯ የምትመለሰው ሴት ደግሞ አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ቀሚሱ መድኃኒት አይደለም፤ ግን «ከእንግዲህ ታማሚ አይደለሽም» የሚል ቃል ነው።

በእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ነርሶች አረጋውያን ሕሙማን ፒጃማቸውን አውልቀው የራሳቸውን ልብስ እንዲለብሱ የሚያደርግ ዘመቻ አካሄዱ። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት 70ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2018 ዘመቻው ለ70 ቀናት በመላ አገሪቱ ተካሂዷል። በዚያ ሰሞን «10 ቀን መተኛት 10 ዓመት ያስረጃል» የሚል አባባል በሰፊው ተሰራጨ። ይህ ለማስታወቂያ የሚመች አነጋገር እንጂ በትክክል የተለካ ነገር አይደለም። የተለካው እላይ የጠቀስነው ነው፤ እሱም ብቻውን ያስደነግጣል።

ለአስታማሚ

እዚህ ጅቡቲም ሆነ አገር ቤት አረጋዊ ሲታመም ጎኑ ያለው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ለእኛ ይህ ታሪክ የነርስ ብቻ ሳይሆን የአስታማሚ ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ሐኪሙን ወይም ነርሷን «ቢነሡ ይችላሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አጥንቱ የተሰበረ፣ የሚደማ፣ ትንፋሹ የሚያጥር፣ «እንዳይነሣ» የተባለ ሰው በጉልበት አይነሣም። ከተፈቀደ ግን በአንድ ጊዜ አታቁሟቸው። አልጋው ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ካላዞራቸው ይቁሙ። ሸበጥ ስለሚያንሸራትት ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አምጡ። መነጽራቸውንና ከዘራቸውን አትርሱ። ምግብ ወንበር ላይ ተቀምጠው በራሳቸው እጅ ይብሉ፤ ጉርሻው አንድ ይበቃል። ከቻሉ በፖፖ ፈንታ ሽንት ቤት ድረስ ደግፋችሁ ውሰዷቸው። በዚህ ሙቀት ውኃ ደጋግመው ይጠጡ። ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ልብሳቸውን ይልበሱ፤ አንድ ቁልፍ ለመቆለፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅባቸውም አትቀሟቸው። እውነቱን ለመናገር ለአስታማሚ ከባዱ ሥራ ይኼ ነው፤ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ።

የእኛ አባባስ? ቤት ከመጡ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስለመድናቸው። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ ወንበር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት አጥር። ኮታቸውን ከሳጥን አውጥተን ሰጠናቸው፤ ያን ቀን ፀጉራቸውን ለማበጠር መስተዋት ጠየቁ። ዛሬ በከዘራ እስከ ሱቁ ድረስ ይሄዳሉ። እስከ ጣቢያው መንገድ ግን አልቻሉም። የባቡሩን ወሬ አሁን እኛ ነን የምናመጣላቸው። ያቺን የቀረች መንገድ ባየን ቁጥር እነዚያ 12 ቀናት ትዝ ይሉናል።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ አያቶቻችሁ ሆስፒታል ሲገቡ «ይተኙ» ከማለታችሁ በፊት «መነሣት ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራን ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች በክፍል ብታወያዩባቸው መልካም ነው፦

1. ጦርነት የሐኪሞችን ልማድ እንዴት ለወጠ? ችግር ዕውቀት የወለደበት ሌላ ምሳሌ ታውቃላችሁ?
2. «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አባባል ከየት መጣ? በአካባቢያችሁ ባሉ ሌሎች ቋንቋዎች፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ፣ ለዚህ ምን ይባላል?
3. ለታላላቆቻችን አክብሮት የምናሳይባቸው የትኞቹ መንገዶች ይጠቅሟቸዋል? የትኞቹስ ሳናውቅ ይጎዷቸዋል?

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልን። የታመመ ካላችሁም እግዜር ይማርላችሁ፤ ያንሣላችሁም።